ለሳቀለት ብቻ ዋስ የሚሆን ሰው

የአደር ቡርሃንን ሞት የሰማሁት ከትምህርት ቤታችን የዋትስአፕ ግሩፕ ነው። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሊጀመር ሲል «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» የሚል መልእክት ገባ፤ ከሥሩ የእሱ ፎቶ ነበር። በእረፍት ሰዓት የመምህራን ክፍሉ ስለ ደግነቱ በሚያወሩ ሰዎች ተሞላ። ስንቱ ቤት እንዲከራይ ረዳ፣ ስንቱ ሥራ እንዲይዝ ፈረመ፣ ስንቱን ሐበሻ ከስንት ጣጣ አወጣ ተባለ። የተባለው ሁሉ እውነት ነው። እኔ ግን ደብተር የማርም መስዬ አንገቴን ደፍቼ ቆየሁ፤ አንድ ቃል ብናገር የቀረው ሁሉ ተከትሎ ይወጣል ብዬ ፈርቼ ነው።

ከመቀጠሌ በፊት ሁለት ነገር ላስረዳ፤ ማስረዳት ልማዴ ነው። አንደኛ፣ አደር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው፤ ሀርጌሳ ውስጥ በዕድሜ የሚበልጥህን ወንድ ሁሉ እንዲህ ትጠራዋለህ። ሁለተኛ፣ በሕይወት ሳለ ፊት ለፊት «እርስዎ» ነበር የምለው። አሁን «እሱ» እያልኩ የምጽፈው ተሳስቼ አይደለም።

ዘሩ ከዚሁ ከሀርጌሳ፣ ዕድገቱ ድሬዳዋ ነው። ጢሙን በሂና የሚያቀላ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ ቀጭን ሰው ነበር። አማርኛው የድሬ ልጅ አማርኛ ነው፤ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ይላል፣ በየመሃሉ «አቦ» ይጨምራል። ኮድቡር ሰፈር ባለው የግል ትምህርት ቤታችን ሬጅስትራር ሆኖ ብዙ ዓመት ሠርቷል። ሥራውን አሳምሮ ያውቃል። የተማሪ ፋይል ጠፋ ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

እዚህ ከተማ ከውጭ የመጣ ሰው የሚጠየቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ዋስህ ማን ነው?» የሚል ነው። ቤት ስትከራይ፣ ሥራ ስትገባ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ስታሳድስ፣ አንተ ብትጠፋ የሚጠየቅልህ የአገሩ ሰው ያስፈልግሃል። ቤተሰቡ የሚታወቅ፣ ሰፈሩ የሚታወቅ መሆን አለበት። እንዲህ ያለ ሰው፣ በዚያ ላይ ችግርህን በአማርኛ የሚሰማህ ሰው፣ ብዙ አታገኝም። ስለዚህ ሾፌሩም፣ ምግብ አብሳዩም፣ ግንበኛውም፣ መምህሩም ወደ ቡርሃን ቢሮ እንሄድ ነበር። እሱም ጉዳዩን ሳይሰማ ሰው አይመልስም። ሻይ እንኳ አያስጋብዝም። ይህንን ሁሉም ያወራለታል። የሚቀበለውን ነገር ግን ማንም አያወራም። የሚቀበለው ሳቅ ነበር።

የጠረጴዛው ታችኛው መሳቢያ ውስጥ በፎጣ የተጠቀለለ አልበም አለው። አልበሙ ውስጥ ያሉት ባለፈው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የታተሙ አስቂኝ ፖስት ካርዶች ናቸው። ይህንንም ላስረዳ። ስልክ በየቤቱ ከመግባቱ በፊት አውሮፓ ውስጥ ሰው አጭር መልእክት የሚላላከው በፖስት ካርድ ነበር። በትልልቆቹ ከተሞች ፖስተኛው በቀን ደጋግሞ ስለሚመጣ፣ ጠዋት የተላከ ካርድ ከሰዓት በኋላ ይደርሳል። ከጀርባው «ቅዳሜ እመጣለሁ» ተብሎ ይጻፋል፤ ከፊቱ ቀልድ አለ። ሰክሮ የገባ ባል፣ ከበሩ ኋላ የሊጥ መዳመጫ ይዛ የምትጠብቅ ሚስት፣ ባሕር ዳር ወንበር የሰበረች ወፍራም ሴትዮ፣ አዲሱን መኪናውን በአህያ የሚያስጎትት ጌታ። የቡርሃን አባት የመን ውስጥ ኤደን ወደብ አጠገብ፣ ለመርከብ መንገደኞች ፖስት ካርድ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ይሠራ ነበር። ሱቁ ሲዘጋ ያልተሸጡትን ቀልዶች በሁለት ካርቶን ይዞ ድሬዳዋ ገባ። ልጁ ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ እየጨመረበት ኖረ። ለንደን ያለ ዘመድ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ይልክለታል፤ የድሬዳዋ ሾፌሮች ከድሮ የምድር ባቡር ሠራተኞች ቤት ያገኙትን ያመጡለታል።

ስለ ካርዶቹ የሚያውቀውን ማወቁን አልክድም። ብዙዎቹ ጀርመን አገር የታተሙ መሆናቸውን፣ የትኛው በእጅ እንደተቀባ፣ የትኛው በማሽን እንደታተመ፣ ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ ጫፍ ዳስሶ ይነግርሃል። ካርዱን በጠርዙ ነው የሚይዘው። እንግዳ እንዲነካ አይፈቅድም፤ እጅህን ጉልበትህ ላይ አድርገህ ነው የምታየው። አልበሙን በሦስት ክፍል ከፍሎታል፤ የሚወድቁ፣ የሚደበደቡ፣ የሚታለሉ። መጀመሪያ ሳየው ደስ አለኝ፤ እኔም በሥርዓት የተቀመጠ ነገር እወዳለሁ። ቆይቼ፣ መነጽር አድርገው ጋዜጣ የሚያነቡ ውሾችና ባርኔጣ ያጠለቁ ድመቶች የት እንዳሉ ጠየቅሁት። እንዲህ ያሉ ካርዶች በዚያ ዘመን ብዙ እንደነበሩ አንብቤ ነበር።

«ሰጠኋቸው» አለኝ።

«ለምን?»

«አቦ፣ ውሻ ምን ያደርግልኛል? ውሻ ተዋርዶ አያውቅም።»

ያን ጊዜ ቀልድ መሰለኝ።

አሠራሩ ሁልጊዜ አንድ ነው። ጉዳይህን በትዕግሥት ይሰማል። ወረቀትህን ይቀበልና ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል፤ እስክሪብቶውን ከላዩ ያጋድማል። ከዚያ መሳቢያውን ይከፍታል። ከካርዱ ግርጌ ያለውን ጽሑፍ በአውራ ጣቱ ይሸፍንና ወደ አንተ ያዞረዋል። እሱ ካርዱን አያይም። በኖርኩባቸው ዓመታት አንድ ቀን እንኳ ካርድ አይቶ ሲስቅ አላየሁትም። የሚያየው ፊትህን ነው፤ አፍህን፣ ዓይንህን፣ እንዴት እንደምትጀምርና የት እንደምታቆም። ከሳቅህ ይፈርማል። ካልሳቅህ አልበሙን ይዘጋና «የማይስቅ ሰው የደበቀው ነገር አለ፤ ነገር ለደበቀ ሰው አልፈርምም» ይላል። ይህንን የሚለው በጣም በለዘበ ድምፅ ነው፤ ለአንተው አዝኖ የሚመክርህ ይመስላል።

ለእኔ ያወጣልኝ፣ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ የወሰደውን አስተማሪና የኮቱን ጫፍ ከወንበሩ ጋር የሚያስሩ ተማሪዎችን ነው። አዲስ መጤ ነበርኩ፤ ከልቤ ሳቅሁ። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ዋስ የለሽ ከመሆን ወጥቼ ኮድቡር ውስጥ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተከራየሁ። ምን ዓይነት መልካም ሰው ነው አልኩ።

ሁለተኛው ዓመት ላይ ለእትዬ ዘነበች አስተርጓሚ ሆኜ ሄድኩ። አስተርጓሚ ስል፣ እሱ አማርኛ ስለሚችል የሚተረጎም ነገር የለም፤ ብቻዋን መግባት ፈርታ ነው። እትዬ ዘነበች መሐመድ ሞጌ ሰፈር ውስጥ ለቀን ሠራተኞች ምግብ የምታበስል፣ ሰውነቷ ገዘፍ ያለ ሴት ናት። አከራይዋ አዲስ ዋስ ካላመጣች እንደምትወጣ ነግሯታል። ቡርሃን ፊቷን አየ፣ ቁመናዋን አየ፣ አልበሙን ገለጠ፣ ገለጠ፣ ያችን ወንበር የሰበረች ወፍራም ሴትዮ አወጣ። ሌላ ካርድ ያጣ ሰው አልነበረም፤ ፈልጎ ነው ያገኛት።

እትዬ ዘነበች ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ፈረመላት።

ውጭ ስንወጣ «እኔ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ እትዬ» አልኳት።

«ለምኑ?» አለች፣ ወረቀቱን አጥፋ ጡቷ ሥር እየከተተች። «ልጆቼን ይዤ መንገድ ላይ ከመቅረት ለአንድ ሽማግሌ መሳቅ አይሻልም? አንተ ደግሞ ነገር አታክብድ።» ጥቂት ሄደችና ዞር አለች። «ግን አየኸው? ያቺን ሲፈልግ እጁ ይቸኩል ነበር።»

ሙላትን ያወቅሁት በእሷ በኩል ነው። ከደብረ ብርሃን የመጣ ሾፌር ነው፤ ደንዳና፣ ቃሉ አጭር፣ ሲያዳምጥ ግንባሩን የሚቋጥር። አንድ የጭነት ድርጅት ከበርበራ ወደብ እስከ ኢትዮጵያ ድንበር እስከ ውጫሌ ኮንቴይነር ለሚያመላልስ መኪናው ሾፌር ፈልጎ ፈተነው፤ ወደደው። ዋስ ብቻ ቀረው። የሐሙስ ቀን እስኪያልቅ ካላመጣ መኪናው ለሌላ ሰው ይሰጣል። ሚስቱና ሴት ልጁ ጅግጅጋ ዘመድ ቤት ተጠግተው «ና» እስኪላቸው ይጠብቃሉ። ሁለት ሰዎች ዋስ ሊሆኑት ቃል ገብተውለት ነበር፤ አንዱ ቡርኦ ከተማ ሄዶ ቀረ፤ ሌላው ከዚህ በፊት የፈረመለት ሰው ጠፍቶበት ሁለተኛ ላይፈርም ምሎ ተገዝቷል። የቀረው ቡርሃን ነው።

ሰኞ ዕለት ብቻውን ገባ። ቡርሃን በፍራፍሬ ልጣጭ ላይ ተንሸራትቶ እግሩ ሰማይ የወጣ ሰው አሳየው። ሙላት ካርዱን አየና «ተጎዳ?» ብሎ ጠየቀ።

ቡርሃን አልበሙን ዘጋ። «ሐሙስ ና» አለው። «እስከዚያ ሰው ሁን።»

ማክሰኞና ረቡዕ ከሥራ በኋላ ቤቴ ጠርቼ ሙላትን ሳቅ አስተማርኩት። አሁን ስጽፈው ያሳፍረኛል፤ ያን ጊዜ ግን እንደ ማንኛውም ትምህርት ነበር የያዝኩት። የማስታውሳቸውን ካርዶች ደብተር ላይ እየሳልኩ፣ ቀልዱ የቱ ጋ እንዳለ እያስረዳሁ፣ ከእያንዳንዱ ሥር የሳቁን መጠን ጻፍኩ፤ ፈገግታ፣ አጭር፣ ረጅም። ሙላት ሳቅ የማያውቅ ሰው አይደለም። ስለ ሾፌሮች ሲያወራ እንባው እስኪፈስ ይስቃል። ሥዕል ላይ ግን ጥያቄ ያበዛል።

«እዚህ ጋ ጌታው መኪና ላይ ተቀምጧል፣ አህያ ትጎትተዋለች» አልኩት።

«መኪናው ምን ሆኖ ነው?»

«ተበላሽቶ።»

«ሞተሩ ነው ነዳጁ?»

«ካርዱ ላይ አይታይም፣ ሙላት። ቀልዱ የኮራበት መኪና በአህያ መጎተቱ ነው።»

ግንባሩን ቋጠረ። «ካርቡሬተር ይሆናል። የድሮ መኪና ካርቡሬተሩ ቶሎ ይቆሽሻል። ሰውዬው ወርዶ ቢያራግፈው እኮ አህያዋን ባላስቸገረ።»

«ረጅም ሳቅ ነው እዚህ ጋ» አልኩት።

«እሺ መምህር። ረጅም።»

ረቡዕ ሲመሽ የሳልኩለትን አሥራ አንድ ካርድ በቃሉ ያዘ። ሲወጣ እጄን ጨብጦ «ልጄን ሳገኛት ይሄንን ጉድ ነው የምነግራት» አለ። ያን ጊዜ ደግሞ ከልቡ ሳቀ።

ሐሙስ በእረፍት ሰዓት አብሬው ገባሁ። ቡርሃን ሰላምታችንን በክብር ተቀበለ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አደረገ፣ እስክሪብቶውን አጋደመ፣ መሳቢያውን ከፈተ። የመጀመሪያው የአህያዋ ካርድ ሆነ። ሙላት አየውና «ካርቡሬተሩ ነው» ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ራሱንም ያስገረመው ይመስለኛል። የቡርሃን ቅንድብ ከፍ አለ። ሁለተኛው የሊጥ መዳመጫዋ ሚስት ናት። ሙላት ልክ በተማረው መጠን ሳቀ፤ ልክ በተማረው ቦታ አቆመ። እኔ ጉልበቴ ላይ ባለው እጄ ጣቶቼን ቆለፍኩ። በቃ ሊፈርም ነው አልኩ።

ቡርሃን እስክሪብቶውን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። ከአልበሙ የኋላ ሽፋን ውስጥ ቡናማ ፖስታ አወጣ፤ ከፖስታው ውስጥ አንድ ካርድ። ይህንን ካርድ እኔም አይቼው አላውቅም። ሥዕል አይደለም፣ ፎቶግራፍ ነው። ኤደን ውስጥ፣ በአንድ ሱቅ በር ላይ፣ ሃያ ዓመት የሚሆነው ሶማሌ ቆሟል። ላባ የተሰካበት የፈረንጅ ሴት ባርኔጣ ደፍተውበታል፤ ሪባኑን አገጩ ሥር አስረውለታል፤ ዳንቴል ያለው ዣንጥላ አስይዘውታል። ዓይኑ ካሜራውን አያይም፤ ከካሜራው ጎን የቆመ ሌላ ሰው የሚያይ ይመስላል። ከሥሩ በእንግሊዝኛ «እመቤቲቱ ለሽርሽር ዝግጁ ናት» ይላል። በዚህኛው ላይ ጽሑፉን በጣቱ አልሸፈነውም።

ሙላት ወደ ካርዱ ጎንበስ አለ። ይህ ካርድ ደብተሬ ላይ የለም።

«ይሄ ሰው ወዶ አይደለም የለበሰው» አለ።

«ማን ወዶ ይለብሳል?» አለ ቡርሃን። «እሱ አይደል እንዴ የሚያስቀው?»

ሰዓቱ ታየኝ፣ መኪናው ታየኝ፣ ጅግጅጋ ያሉት ታዩኝ። «የሴት ባርኔጣ ነው እኮ፣ ሙላት» አልኩ። «ወንዱ የሴት ባርኔጣ አድርጎ፣ ደግሞ ዣንጥላው...» ብዬ ሳቅሁ። እንዲከተለኝ ነው የሳቅሁት። ረጅም።

«አይቼዋለሁ፣ መምህር» አለ ሙላት ዝቅ ባለ ድምፅ። አልሳቀም።

ቡርሃን እኔን ሳይሆን እሱን ነበር የሚያየው። «አያቴ ነው» አለ። «የሱቁ ተሸካሚ ነበር። ከመርከብ የወረዱ ሰዎች እንዲስቁ ባለሱቁ አልብሶት ፎቶ አስነሳው፤ ከዚያ አሳትሞ ሸጠው። አባቴ እዚያው ሱቅ ቆሞ ይሄንን ካርድ ለመንገደኛ ይሸጥ ነበር። እየሳቀ ነበር የሚሸጠው።»

«ነፍሳቸውን ይማር» አለ ሙላት።

«አባቴ ስቆበታል። እኔ የልጅ ልጁ ስቄበታለሁ። መምህሩም ይኸው ሳቀ። አንተ ማን ነህና ነው የማትስቀው?»

«ለዚያ ነው እኮ፣ አደር» አለ ሙላት። «እኔ ማን ነኝ?»

ቡርሃን ካርዱን በጠርዙ ይዞ ወደ ፖስታው መለሰው። ወረቀቱን፣ ያልተፈረመውን፣ በሁለት ጣቱ ገፋ አድርጎ ወደ ሙላት አስጠጋው። የለመደውን ንግግር እንኳ አልተናገረም። ሙላት ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ፣ «ስለሰሙኝ እግዜር ይስጥልኝ» አለ፣ ወጣ።

እኔ ቀረሁ። «አደር፣ ሰውየው ከዛሬ ሌላ ቀን የለውም» አልኩ። «ቤተሰቡ ይጠብቀዋል። ጎበዝ ሾፌር ነው፤ ድርጅቱም ወዶታል። እሱ ባይስቅ እኔ ስቄለት የለ? ለእኔ ብለው ይፈርሙለት።»

አልበሙን በፎጣው እየጠቀለለ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «አንተማ ትስቃለህ» አለ።

መኪናው ለሌላ ሰው ተሰጠ። ሙላት ጥቂት ቀን ኮንቴይነር ሲያራግፍ ሰነበተና ወደ ጅግጅጋ ተመለሰ። ዛሬ እዚያ የሰው ሚኒባስ ላይ በተራ ይነዳል፤ ለበዓል እንደዋወላለን። ስለ ቡርሃን አንድም ቀን አንስቶ አያውቅም። ለቅሶ ቤት ግን ሰዎች አንስተውታል። ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር በሚገኘው የቡርሃን እህት ቤት ተቀምጠን ሳለ፣ የአያቱን ታሪክ የሚያውቅ አንድ ሽማግሌ «ምስኪን፣ ያ ውርደት ነው በውስጡ ሲሠራ የኖረው» አለ። ሰው ሁሉ አንገቱን ነቀነቀ። እኔም ይህንን ለማስረዳት አልቸገርም። ሰሌዳ ቢሰጠኝ በሦስት መስመር እጽፈዋለሁ። አንድን ሰው መሳቂያ አድርገው አዋረዱት፤ ልጁ ውርደቱን ሸጠበት፤ የልጅ ልጁ ደግሞ በመጣው ሁሉ ላይ ያንኑ ባርኔጣ ይደፋ ጀመር። ማብራሪያው ትክክል ነው። ንቀቴን ግን ቅንጣት አልቀነሰውም። ሌሎችም የተዋረዱ አያቶች ነበሯቸው፤ እትዬ ዘነበች ትንሽ ጉልበት ብታገኝ ወንበር የተሰበረበትን ማንንም ሰው መሳቂያ አታደርግም። ቡርሃን ብዕር በእጁ ነበር፤ በዚያ ብዕር ሰዎችን መርዳት ይችል ነበር፤ ረድቷልም። ከእያንዳንዱ እርዳታ በፊት ግን ሰው ራሱን ዝቅ ሲያደርግ ማየት ነበረበት። አንድ ሰው እንቢ ሲለው ደግሞ ያ ሰው ለአያቱ ያለውን ክብር እንደ ስድብ ቆጠረው።

ይህንን ሁሉ ለቅሶ ቤት አልተናገርኩም። የማልናገርበት ምክንያት አለኝ፤ እሱንም ማስረዳት ይገባኛል።

ሙላት ከሄደ ከአንድ ወር በኋላ የመኖሪያ ፈቃዴ የሚታደስበት ጊዜ ደረሰ። ዋሴ ቡርሃን ነው። ሌላ ሰው መፈለግ እችል ነበር፤ ሳምንት፣ ምናልባት ወር ይፈጅብኝ ይሆናል። አልፈለግሁም። በእረፍት ሰዓት ወረቀቴን ይዤ ገባሁ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ፣ እጄን ጉልበቴ ላይ አደረግሁ። መሳቢያው ሲከፈት ሰማሁ። የትኛውን ካርድ እንዳወጣልኝ ዛሬም ድረስ አላውቅም። ሳላየው ነው የሳቅሁት።